ለጌይ ጥንዶች የሚመች የደሴት ቫኬሽን እንዴት ይታቀዳል?

የደሴት ቫኬሽን የሚያቅድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፎቶ ይጀምራል። ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ አሸዋ፣ ጥላ ስር የተዘረጉ ሁለት ወንበሮች። ለጌይ ጥንዶች ግን ፎቶው መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ እዚያ ሄደን ሳምንቱን ዘና ብለን እናሳልፋለን ወይስ ዙሪያችንን ስንቃኝ እንከርማለን? ለመሳቀቅ ብር መክፈል አያስፈልግም፤ እሱ በነጻም ይገኛል።

የምኖረው ሜሪላንድ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ወደ ካሪቢያን ያደላሉ። አውሮፓና እስራኤል ያላችሁ ሐበሾችም አካሄዱ ያው ነው፣ ደሴቱን ብቻ ቀይሩት። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

1. ህጉን አሁን እዩት፣ የድሮ ዝርዝር አትመኑ

ካሪቢያን አንድ አገር አይደለም። አንዱ ደሴት ላይ ትዳራችሁ ሕጋዊ ነው፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ላይ ወንጀለኞች ናችሁ። ጃማይካ በ1864 በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ጊዜ የወጣውን ህግ እስካሁን አልሻረችም፤ ቅጣቱም እስከ 10 ዓመት እስራት ነው። ባርቤዶስ በ2022፣ ዶሚኒካ በ2024፣ ሴንት ሉሲያ በ2025 እንዲህ ዓይነቱን ህግ በፍርድ ቤት ጥለውታል። ሴንት ቪንሰንት ላይ ግን ፍርድ ቤቱ በ2024 ህጉ ባለበት ይቀጥል አለ። የትሪኒዳድ ይባስ፦ በ2018 ፍርድ ቤት ህጉን ጣለው፣ በ2025 ይግባኝ ሰሚው ህጉን መልሶ አጸናው። ስለዚህ ከዓመታት በፊት የተጻፈ "ምርጥ ደሴቶች" የሚል ዝርዝር አይታችሁ ቲኬት አትቁረጡ። ኢልጋ ወርልድ የሚባለው ድርጅት የየአገሩን ህግ በካርታ ያወጣል። በነጻ ይታያል።

ጋብቻችሁ ሙሉ በሙሉ የሚታወቅባቸው ደሴቶች ብዙ ናቸው። ፖርቶ ሪኮና የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ከ2015 ጀምሮ በአሜሪካ ህግ፣ ማርቲኒክና ጓደሉፕ ከ2013 ጀምሮ በፈረንሳይ ህግ፣ ቦኔርና ሳባ ከ2012 ጀምሮ በኔዘርላንድስ ህግ ይሄዳሉ። አሩባና ኩራሳው በሐምሌ 2024 የኔዘርላንድስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወስኖላቸው ተቀላቅለዋል። ሃዋይማ ከ2013 ጀምሮ አለች። በእስያ በኩል ታይላንድ በጥር 2025 ጋብቻውን ስለፈቀደች ፉኬትና ኮ ሳሙይ ጥሩ ምርጫ ናቸው። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሬዩኒየን የፈረንሳይ ናት፤ ሲሸልስ በ2016፣ ሞሪሸስ በ2023 ክልከላውን አንስተዋል፣ ጋብቻ ግን የለም።

ማልዲቭስና ዛንዚባር ክልክል ነው። "ሪዞርቱ ውስጥ ማንም አይነካችሁም" የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የሰራተኛው መልካም ፈቃድ ላይ ተንጠልጥዬ ያን ያህል ገንዘብ አልከፍልም።

2. መንገዱንም እዩ

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ደሴቷ ምቹ ናት፣ ቲኬቱ ረክሷል፣ ከዚያ ትራንዚቱ ዱባይ ወይም ዶሃ ይሆናል። ሁለቱም ጋ ህጉ ከባድ ነው። ኤርፖርት ውስጥ ጥቂት ሰዓት ተቀምጦ ማለፍ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። ችግሩ በረራው ሲሰረዝና አየር መንገዱ ሆቴል ሲያሳድራችሁ ነው። ያኔ አገር ውስጥ ገብታችኋል። ሁለት ክፍል ጠይቁና እደሩ፣ ሌላ ምክር የለኝም።

አዲስ አበባም ያው ነው፤ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ይከለክላል። ከህጉ በላይ የሚያሰጋው ግን ዘመድ ነው። ቦሌ ላይ ለሰዓታት እንደምትቆሙ ከተሰማ ድርቆሽና በርበሬ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም፣ ከዚያ "ይሄ ጓደኛህ ማነው?" ይመጣል። ቤተሰብ የማያውቅ ከሆነ የበረራ ሰዓታችሁን ለማንም አትናገሩ።

ክሩዝ ለሚያስቡም ይሄው ነው። መርከቧ ላይ ጭፈራ ሊኖር ይችላል፣ ወደብ ላይ ስትወርዱ ግን የምትገቡት ወደዚያ አገር ህግ ነው።

3. ወረቀት

አሜሪካ ውስጥ ላለን ሐበሾች ፖርቶ ሪኮን የምመርጥላችሁ ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው። የአገር ውስጥ በረራ ነው፣ ቪዛ የለውም፣ ገንዘቡ ዶላር ነው። ግሪን ካርድ ያለው ካርዱን ይዞ ይሄዳል። ጥገኝነት አግኝታችሁ ግሪን ካርድ ገና ከሆናችሁ ወደ ኩራሳው ወይም ወደ ሌላ አገር ለመሄድ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያስፈልጋል፤ ሰነዱ ራሱ ጊዜ ይወስዳል፣ እያንዳንዱ አገርም በእሱ ላይ ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነ ኤምባሲውን መጠየቅ አለባችሁ። ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ያለ ደግሞ ለፖርቶ ሪኮም ቢሆን መጀመሪያ ጠበቃችሁን አናግሩ።

የተጋባችሁ ከሆነ የጋብቻ ወረቀታችሁን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። የእኛ ስም የየአባታችን ስለሆነ ሆስፒታል ውስጥ "ቤተሰብ ነኝ" ስትሉ ስሙ አይመሳከርም።

4. ወቅት

የካሪቢያን የሀሪኬን ወቅት በፈረንጆቹ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ክፉው ጊዜ ሴፕቴምበር ነው። ፖርቶ ሪኮን ያወደመው ማሪያ የመጣው ሴፕቴምበር 20፣ 2017 ነበር። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አየሩ ምርጥ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። እኔ የሜይን ወር እወዳለሁ። በበጋቸው ካልሆነ አንሄድም የምትሉ ከሆነ አሩባ፣ ቦኔርና ኩራሳው ወደ ደቡብ ስለሚያዘነብሉ ከሀሪኬኑ ዋና መስመር ውጪ ናቸው።

5. ሆቴሉን ከመክፈላችሁ በፊት ፈትኑት

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ህጉ ወረቀት ላይ ነው፣ ቁልፍ የሚሰጣችሁ ግን ሪሴፕሽን ላይ የቆመው ሰው ነው።

እኔና ባለቤቴ አንድ ትልቅ አልጋ ያለው ክፍል ይዘን አንድ ደሴት ላይ ደረስን። ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየች፣ ሁለታችንን አየች፣ ፈገግ አለችና "ለጓደኛሞች ስለሚመች ባለ ሁለት አልጋ አድርጌላችኋለሁ" አለች። ክፋት አልነበረባትም። ግን ከኋላችን ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ ይዘናል፣ ላብ በላብ ሆነናል፣ እና ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ በሰው ፊት ማስረዳት አለብን። ማናጀር ተጠራ። ክፍሉ ተሰጥቷል ተባለ። ሁለቱን አልጋ ገፍተን አጋጠምናቸው፣ መሃል ላይ ያለው ክፍተት ግን እስከ መጨረሻው አብሮን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይሄን ነው። ብር ከመክፈሌ በፊት ለሆቴሉ በቀጥታ ኢሜይል እጽፋለሁ። "ጌይ ታስተናግዳላችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ "ሁሉም እንግዳ ለእኛ ክቡር ነው" የማይል ሆቴል የለም፣ መልሱም ምንም አይነግራችሁም። ይልቅ ነገር ነገሩን ጠይቁ፦ እኛ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች ነን፣ ባልና ሚስት እንደሚይዘው አንድ ትልቅ አልጋ እንፈልጋለን፣ ይሄ መዝገባችን ላይ ተጽፎ ይቆይልናል? ለጥንዶች የምታዘጋጁት የባህር ዳር እራት አለ፣ ለሁለታችን መያዝ እንችላለን? ማሳጁስ?

መልሱን ስታነቡ ቋንቋውን ልብ በሉ። እናንተ "ባለቤቴ" ብላችሁ ጽፋችሁ እነሱም "ባለቤትዎ" ብለው ከመለሱ ጥሩ ነው። "አብሮዎት የሚመጣው እንግዳ" ካሉ ትንሽ ጠርጥሩ። ስለ ቁርስና ስለ ዋይፋይ ሁሉንም መልሰው የአልጋውን ጥያቄ ዝም ካሉት እለፏቸው። ደህና መልስ ከመጣ የሰራተኛውን ስም ጨምራችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ሪሴፕሽን ላይ ክርክር ሲመጣ ማሳየት ነው።

የቡኪንግ ዌብሳይቶች ላይ አልጋ መምረጥ ብዙ ጊዜ ልመና ብቻ ነው፤ ሆቴሉ ካልተመቸው አይገደድም። ስለዚህ ዋጋው ከተቀራረበ በቀጥታ ከሆቴሉ ያዙ፣ ያውም መሰረዝ የሚቻለውን። አስተያየቶቹን ሁሉ ማንበብ አያስፈልግም፤ መፈለጊያው ላይ በእንግሊዝኛ ጌይ፣ ሀዝበንድ፣ ፓርትነር የሚሉትን አስገቡና የሚወጣውን ብቻ አንብቡ። ጁን ሲገባ ገጹን በቀስተ ደመና የሚቀባ ሆቴል አያስደንቃችሁ። አይጂኤልቲኤ የሚባለው ከ1983 ጀምሮ ያለ የጌይ ተጓዦች ማኅበር የአባል ሆቴሎች ዝርዝር አለው፣ ለመነሻ ይጠቅማል፤ ግን አባልነቱ በክፍያ ስለሆነ ኢሜይሉን አይተካም።

የግለሰብ ቤት የምትከራዩ ከሆነ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ባለቤቱ እዚያው ግቢ ይኖራል ወይ?

6. ፖርቶ ሪኮን ከመረጣችሁ

ሳን ሁዋን ውስጥ ኮንዳዶ፣ ኦሽን ፓርክ ወይም ሳንቱርሴ እረፉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ባህር ዳር ናቸው፣ ጌይ ጥንዶችም የለመዱባቸው። ሳንቱርሴ የማታ ነው፤ ላ ፕላሲታ የሚባለው ገበያ ቀን አትክልት ይሸጥበታል፣ ማታ ይጨፈርበታል። አሮጌው ሳን ሁዋን ያምራል፣ ግን ለመዋኛ አይሆንም። በእግር ዙሩትና ተመለሱ። በደቡብ ምዕራብ ያለችው ቦኬሮን የምትባል ትንሽ የባህር ዳር መንደር ጁን ላይ የራሷ ፕራይድ አላት፣ ከትልቁ ከተማ ይልቅ እሷን የሚመርጡ አሉ።

ሁሉም ቦታ አንድ ነው ማለት አይደለም። በ2020 አንዲት ትራንስ ሴት ተገድላ የፖርቶ ሪኮው ድምፃዊ ባድ ባኒ ጉርድ ቀሚስ ለብሶ አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ተቃውሞውን አሳይቷል። ቱሪስት በማይበዛበት መንደር፣ ማታ ላይ፣ እጅ ለእጅ ከመያያዛችሁ በፊት አካባቢውን እዩት።

ምግብ ላይ አሳማ የማትበሉ ተጠንቀቁ። ሞፎንጎ የሚባለው የተወቀጠ የፕላንቴን ምግባቸው በተለምዶ የአሳማ ቆዳ ጥብስ ይገባበታል፣ ባቄላውም ብዙ ጊዜ ከአሳማ ጋር ይበስላል። "ሲን ሴርዶ" በሉ፣ ያለ አሳማ ማለት ነው። የዓቢይ ጾምን የምትጾሙ ደግሞ ሩዝና ጥብስ ፕላንቴን አያጣችሁም።

7. ሻንጣና ስልክ

መድኃኒት፣ ፕሬፕም (የኤችአይቪ መከላከያው) ይሁን ሌላ፣ እጅ ሻንጣ ውስጥ ከነማሸጊያው ይግባ። የጸሐይ ክሬም ስትገዙ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሌለበትን ያዙ፤ ኮራሉን ይጎዳሉ ተብሎ ሃዋይ ከ2021 ጀምሮ መሸጣቸውን ከልክላለች።

ለሁሉም ያልተናገራችሁ ከሆነ ፎቶውን ከተመለሳችሁ በኋላ ለጥፉ፣ ታግ የማድረጉን ፈቃድም ዝጉ። ብዙ ጊዜ ነገር የሚያወጣው የራሳችሁ ፎቶ ሳይሆን ሌላ ሰው የለጠፈው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዋሽንግተን ውስጥ ወደ ኤርፖርት የሚወስዳችሁ ሾፌር ሐበሻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ኋላ ወንበር ላይ በአማርኛ ምስጢር አታውሩ።

8. ቪዬከስና ጀልባው

ፖርቶ ሪኮ ድረስ ሄዳችሁ ቪዬከስ የምትባለውን ትንሽ ደሴት ሳታዩ አትመለሱ። ሞስኪቶ ቤይ የሚባለው የባህር ወሽመጥ ውሃው ሲነካ በሰማያዊ ብርሃን ያበራል፤ ውስጡ ያሉ ደቂቅ ሕዋሳት ናቸው። መዋኘት ክልክል ነው፣ በካያክ ነው የሚኬደው። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሳምንት ከሄዳችሁ እምብዛም አታዩም፣ ስለዚህ የጉዞ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ጨረቃዋን እዩ። በረራውን ከገዛችሁ በኋላ ማየቱ ጥቅም የለውም።

ጀልባው ከሴይባ ነው የሚነሳው፣ ከሳን ሁዋን በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ርካሽ ነው፣ ግን ቅድሚያ ለደሴቷ ነዋሪዎች ነው፣ መዘግየትና መሰረዝም ያውቃል። ቲኬቱን ቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ። የኪራይ መኪናችሁን ሴይባ አቁሙና ቪዬከስ ላይ ሌላ ተከራዩ። ገንዘብ ካላችሁ ትንሿ አውሮፕላን ትሻላለች። በምንም ሂሳብ ግን ከቪዬከስ የምትመለሱበትን ቀን ወደ አሜሪካ የምትበሩበት ቀን አታድርጉት። የመጨረሻዋን ሌሊት ሳን ሁዋን እደሩ።