ራዲዮው ሲንጫጫ፣ ዋይፋዩ ሲቆራረጥ፦ መጀመሪያ እቤታችሁ ያለውን ዕቃ ጠርጥሩ

እማዬ ማታ ራዲዮ ሳትሰማ አትተኛም። አንድ ሰሞን ሸገር 102.1ን ስትከፍት "ሽሽሽ" ብቻ ሆነባት። አንቴናውን አዞርን፣ ድንጋይ ቀየርን፣ አልሆነም። ጥገና ቤት ስንወስደው ደግሞ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከዚያ አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ጨለማው ውስጥ ራዲዮው ኩልል ብሎ ተሰማ። ለካ የሚረብሸው በዚያው ሰሞን ሳሎን የሰቀልነው ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ነው።

ራዲዮው ማታ ማታ ብቻ ይንጫጫል

አምፖሉ 220 ቮልቱን የሚቀንሰው በሰከንድ በአስር ሺዎች ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ነው። ጫጫታውን የሚወልደው ይሄ ነው። ደህናው አምፖል ውስጥ የሚያፍነው ማጣሪያ አለ፤ ርካሹ ላይ ወጪ ለመቀነስ ይተውታል። ከዚያ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ራሱ አንቴና ሆኖ ቤቱን ሁሉ ያዳርሰዋል። የስልክ ቻርጀርም እንደዚሁ ነው።

ጥፋተኛውን ለመያዝ ራዲዮውን በድንጋይ አድርጉና ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ጫጫታው ከቆመ ነገሩ ከእናንተው ቤት ነው። ሁሉንም ነቅላችሁ ብሬከሩን መልሱ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየሰካችሁ፣ መብራቱንም በየክፍሉ እያበራችሁ አዳምጡ። ራዲዮውን ይዛችሁ ወደ ጥፋተኛው ስትጠጉ ድምፁ ይብሳል። ካገኛችሁት ቀይሩት። ካልቻላችሁ ራዲዮውን ሁለት ሜትር ያህል አርቁት። ለቻርጀር ፌራይትም ይረዳል፤ አንዳንድ የኮምፒውተር ገመድ ጫፍ ላይ የምታዩት ያ ጥቁር እብጠት ማለት ነው፣ ተከፍቶ የሚገጠም አይነትም አለ። ገመዱን ሁለት ሦስቴ አዙራችሁበት ከቻርጀሩ አጠገብ ግጠሙት።

ቻርጀር ሲሰካ የስልኩ ስክሪን ብቻውን የሚነካካ ከሆነም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የቻርጀሩ ጫጫታ ነው። ያን ቻርጀር ጣሉት እንጂ ለልጅ አትስጡት። ማጣሪያ የቆጠበ ፋብሪካ ከኤሌክትሪክ የሚከላከለውንም ሊቆጥብ ይችላል።

ምግብ ሲሞቅ ዋይፋዩ ይጠፋል

ማይክሮዌቭ የሚሠራው 2.45 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ነው፤ ዋይፋይና ብሉቱዝም እዚያው 2.4 ላይ ናቸው። ከበሩ ዳር የምታፈተልከው ትንሽ ሞገድ ሰው አትጎዳም፣ ግን የራውተሩ ጉልበት ራሱ የአንድ ዋት አንድ አስረኛ ገደማ ስለሆነ በቀላሉ ትውጠዋለች። ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርትዝ ካለው ስልኩንና ቲቪውን ወደዚያ አዙሩ። ግድግዳ ማለፍ ላይ ይደክማል እንጂ ማይክሮዌቭ አይነካውም። 2.4 ብቻ ከሆነ ራውተሩን ከወጥ ቤት አርቁና ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 አድርጋችሁ ሞክሩ። ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ይሄ የግድ ነው፣ ምክንያቱም የላይም የታችም የጎንም ጎረቤት ራውተር እዚያው ቻናል ላይ ይጋፋችኋል።

ሃርድ ዲስክ ሲሰካ ማውዙ ይዘላል

ዩኤስቢ 3፣ ማለትም ፈጣኑ የዩኤስቢ አይነት፣ ሲሠራ 2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ጫጫታ ይረጫል፤ ገመድ አልባ ማውዝም ብዙ ጊዜ የሚሠራው እዚያው ላይ ነው። ኢንቴል ራሱ በ2012 ስለዚህ ጽፏል። የማውዙን ትንሿን መቀበያ ከዲስኩ በተቃራኒ በኩል ሰኩ፣ ወይም በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ራቅ አድርጓት። ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ እንኳ ለውጥ ያመጣል።

ስልክ ሊጠራ ሲል ስፒከሩ "ጢጢ ጢጢ ጢጢ" ይላል

ስልኩ 2ጂ ላይ ሲሆን በሰከንድ 217 ጊዜ እየቆራረጠ ይልካል፣ የስፒከሩ ሽቦ ደግሞ ይለቅመዋል። ስልኩን አንድ ሜትር አርቁት፣ አለቀ።

ስፒከሩ ያለማቋረጥ "እምምም" ይላል

ይሄኛው የ50 ኸርትዝ የመብራቱ ድምፅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ኮምፒውተሩ አንድ ሶኬት፣ ስፒከሩ ሌላ ሶኬት ላይ ሲሆን ነው። ሁለቱንም አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። አደራ፣ ድምፁ ይጥፋ ብላችሁ የመሬቱን ሽቦ እንዳትቆርጡ። ዕቃው አንድ ቀን ኤሌክትሪክ ቢያፈስ ሰው የሚያድነው እሱ ነው።

ብሬከሩን አጥፍታችሁም ራዲዮው ከተንጫጫ ነገሩ ከጎረቤት ወይም ከውጭው መስመር ነው። ጎረቤቶቻችሁን በተራ ጠይቁ። ነፋስ ሲነሳ የሚብስ "ጧ ጧ" ከሆነ ግን የላላ ሽቦ ሊሆን ስለሚችል ምሰሶው ጋ አትድረሱ። ሰዓቱንና የት አካባቢ እንደሚብስ ጻፉና ለመብራት ኃይል አሳውቁ።