ኮምፒውተር አልነሳ ሲል፦ እባካችሁ ፎርማትን አታስቀድሙ

ሱቄ መገናኛ ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት ላፕቶፕ ያቀፈ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል። ሰላምታችን ሳያልቅ «አልሠራም አለኝ፣ በቃ ፎርማት አድርግልኝ» ይላል። ሐኪም ቤት ገብቶ ገና ካርድ ሳያወጣ «ቀዶ ጥገና አድርጉልኝ» እንደሚል ሰው ማለት ነው። ወንድሜ፣ ሕመሙን መቼ ነገርከኝ? ፎርማት እኮ ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውን እንደ አዲስ መጫን ነው።

«አልሠራም» የምትለዋ ቃል ራሷ ስህተት ናት። ምንም አትነግረኝም። ጭራሽ መብራት አያሳይም? ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ? ሎጎው መጥቶ እዚያው ቀረ? ወይስ ዊንዶው ሊገባ ሲል እየጠፋ ይነሳል? የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ወይም ስክሪን ነው። ሁለቱንም መቶ ጊዜ ፎርማት ብታደርጉ አይድኑም። ሎጎው ላይ ከቀረ ደግሞ መጀመሪያ የሰካችሁትን ፍላሽ ንቀሉ። አትሳቁ፣ በዚህ ብቻ ስንቱ ተነስቷል።

መብራት የማያሳየውን ወደ እኔ ከማምጣታችሁ በፊት ዲቫይደሩን ቀይሩ። አንድ ሰው ከአያት ኮንትራት ታክሲ ይዞ ሲፒዩውን ተሸክሞ መጣ። እኔ ጋ ስሰካው በራ። የታክሲውን ሒሳብ እያሰበ ዝም ብሎ ሲያየኝ አሳዘነኝ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው አታብሩ። የሚመለሰው ኃይል መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ፓወር ሳፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያድለውን ሣጥን) የሚያቃጥለውም ያ ነው። ንቀሉት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ዴስክቶፕ ከላከላችሁ ደግሞ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ። አንዳንዱ ፓወር ሳፕላይ 115 እና 230 የተጻፈባት ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለችው። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። 115 ላይ እንዳለች ከሰካችሁት «ጧ!» ይልና ጭሱን ታሸታላችሁ። አዳዲሶቹ ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ማብሪያው የላቸውም። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይም ከ100 እስከ 240 የሚል ካለ አትስጉ።

ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ሰው ሁሉ «ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ሞቷል» ብሎ ይደመድማል። ቆይ! ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን ባትሪ በስክሪኑ ላይ ዘመም አድርጋችሁ አብሩበት። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታያችሁ ኮምፒውተሩ ተነስቷል፤ የሞተው የስክሪኑ የጀርባ መብራት ነው። ምንም ካልታየ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የላፕቶፑ ባትሪ የሚወጣ ከሆነ አውጡ፣ የፓወር ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙና እንደገና ሞክሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ኤሌክትሪኩን ነቅላችሁ ራሙን አውጡ፣ ወርቃማውን ጫፍ በላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉና ቀጭ እስኪል መልሱ። በአዲስ አበባ አቧራ ይህች ላጲስ የስንት ሰው ገንዘብ አድናለች! እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ ደንበኛ አዲስ ፓወር ሳፕላይ ገጠምኩለት። ለካስ የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ነበር። ገንዘቡን መለስኩለት።

ቀኑ ወደ ኋላ እየሄደ «ኤፍ 1 ተጫን» የሚላችሁ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ቀይሩ። ሱቅ ሄዳችሁ ሲአር 2032 በሏቸው፣ የትም አለች።

አሁን ወደ ፎርማቱ።

ዊንዶው አልገባ ያለ ሁሉ ፎርማት አያስፈልገውም። ሐምሌ 2016 ላይ (በፈረንጆቹ 2024) ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ አፕዴት በዓለም ዙሪያ ወደ 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተር ሰማያዊ ስክሪን ላይ አስቀረ። አየር መንገዶች ቆሙ። መፍትሔው ምን ነበር? ሴፍ ሞድ (ዊንዶው የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት መንገድ) ገብቶ አንድ ፋይል ማጥፋት! ያኔ ቶሎ ፎርማት ያስደረገ ሰው ስንት ዳታ በከንቱ አጥቶ ይሆን?

ሴፍ ሞድ ለመግባት በዊንዶው 10 እና 11 ኤፍ 8 እየደበደባችሁ አትድከሙ። ሎጎው ሲመጣ የፓወር ቁልፉን ተጭናችሁ አጥፉት። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ሲሆን ራሱ የጥገና ገጹን ያመጣል። ከዚያ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርታፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፣ በመጨረሻም 4 ቁጥርን መጫን። እዚያው አድቫንስድ ኦፕሽንስ ላይ በቅርቡ የገባ አፕዴት ማውጣትም ይቻላል። መንገድ ላይ 48 አኃዝ ያለው የቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶው ፕሮግራም) ቁልፍ ከጠየቃችሁ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ ፈልጉት። ዝም ብላችሁ አትገምቱ።

ፎርማቱ የግድ ከሆነም «ዳታዬ ዲ ላይ ነው፣ ችግር የለም» አትበሉኝ። ዴስክቶፑ ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲከፈት ፊት ለፊት በሚታየው ገጽ ላይ፣ ያስቀመጣችሁት ሁሉ በአብዛኛው ሲ ላይ፣ ዊንዶው ባለበትና ፎርማት በሚጠርገው ክፍል ነው ያለው። ዳውንሎድም እንዲሁ። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ ፈጣሪ ይቁጠረው። ሰው ግን ዓይኑ ፊት ስለሚያየው ዴስክቶፕን ከሲ የተለየ ቦታ ያደርገዋል።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት፣ ያውም ሐምሌ ላይ፣ ሒሳብ ሊዘጋ ጥድፊያ በሆነበት ሰሞን፣ አንዲት አካውንታንት ኮምፒውተሯን አመጣችልኝ። ዴስክቶፑን ገለበጥኩ፣ ዶክመንቱን ገለበጥኩ፣ ኮራ ብዬ ፎርማት አደረግኩ። በማግስቱ ደወለች። «ፒችትሪዬስ?» አለችኝ፤ የሒሳብ መሥሪያ ፕሮግራሟን ማለቷ ነው። ሰውነቴ በላብ ተጠመቀ። የፒችትሪው ዳታ ለካ ሲ ላይ ለብቻው በራሱ ፎልደር ነበር። ሦስት ቀን በመመለሻ ፕሮግራም ስቆፍር የተገኘው የተቆራረጠ ነገር ነው። ደግነቱ ሚያዝያ ላይ የያዘችው ባክአፕ ፍላሿ ላይ ተገኘ፤ የቀረውን የሁለት ወር ደረሰኝ እንደገና መዘገበች። ገንዘብ አልተቀበልኳትም፤ በምን ዓይኔ!

ያ የድሮ ሀርድ ዲስክ ስለነበር ነው ትንሽ እንኳን የተገኘው። ኤስኤስዲ (የሚዞር ነገር የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ቢሆን ከፎርማት በኋላ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው፣ ብዙ ጊዜም ምንም። ስለዚህ ዛሬ ዊንዶው ባይነሳም መጀመሪያ ሊኑክስ (ከዊንዶው ሌላ የሆነ ስርዓት) ባለበት ፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነስቼ ሲን ሙሉውን እገለብጣለሁ። ፎንቶቹንም። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ ሲጠፋ የፈረንጅ ፊደል ትርምስ ይሆናል፣ ባለቤቱም «ቫይረስ ለቀቅህብኝ» ብሎ ይመጣል።

ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ አጥፉት። «እስቲ አንዴ ልየው» ብላችሁ አታብሩት። ባበራችሁት ቁጥር የሚያነበው መርፌ ዲስኩን ሊፍቀው ይችላል።

ቡና የፈሰሰበትንም እንዲሁ አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ደፍታችሁ አምጡልኝ። ስኳር ያለበት ሻይ ከሆነ ደግሞ ፈጠን በሉ። ሩዝ ውስጥ ግን አትቅበሩት። ባለፈው ሳምንት ከአንዱ ፋን ውስጥ ሩዝ በወረንጦ ስለቅም ነው የዋልኩት።