ብሮንዚኑን የበላውን ሳይፈልጉ ብሮንዚን መቀየር፦ በአውቶማቲክ መኪና ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ቪትዟ ስትገባልን ካምቢዮዋ ሌላ ጋራዥ ተሠርቶ ከወጣ ሦስት ወሩ ነበር። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ዲ ላይ ሳስገባት ጓ ትላለች። ፍሬን ይዤ ስቆም ደግሞ ድርግም ትላለች» አሉኝ። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የክራንክ ሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፑሊ በብረት ዘንግ ገፋ መለስ አደረግሁት። እንቅስቃሴው በዓይን ይታያል። ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ) ብንገጥምበት 1.4 ሚሊሜትር ተመላለሰ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ጤነኛው ልክ ከ0.05 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 0.30 ካለፈ ሞተሩ መከፈት አለበት።

«ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ተከፍቶ ያውቃል?»

«ባለፈው ወር ነዋ! ትረስት ብሮንዚን ነው ብለው ቀየሩልኝ እኮ።»

ቀየሩላቸው፤ እውነት ነው። ብሮንዚኑን የበላውን ነገር ግን ማንም አልፈለገም። ስለዚህ አዲሱም ተበላ።

ስህተቶቹን ከመዘርዘሬ በፊት ግፊቱ ከየት እንደሚመጣ ላሳያችሁ፤ ይሄ ከገባ የቀረው ቀላል ነው። ትረስት ብሮንዚን ማለት ክራንክ ሻፍቱ እየዞረ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዙት ቀጫጭን፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ብረቶች ናቸው። በብዙ የቶዮታ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ መሃለኛው ባንኮ ብሮንዚን (ክራንክ ሻፍቱ ተቀምጦ የሚዞርበት) አጠገብ፣ ከፊቱና ከኋላው ይቀመጣሉ። ለራሳቸው የተመደበ የዘይት ቀዳዳ የላቸውም። ከባንኮ ብሮንዚኑ በጎን በሚፈስላቸው ዘይት ነው የሚኖሩት። («ወደ ፊት» ስል ወደ ቺንጋው በኩል ማለቴ ነው። ቪትዝ ላይ ሞተሩ አግድም ስለተቀመጠ የሞተሩ ፊት የመኪናው ጎን ነው። በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ ከረዳቶቼ ጋር ተጨቃጭቀናል።)

ቶርክ ኮንቨርተሩ ደግሞ የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፍ፣ በዘይት የተሞላ፣ ዙሪያውን የተበየደ ድስት ነው። ከኋላው አንገት አለው፤ አንገቱ ካምቢዮው ፖምፓ ውስጥ ይገባል። ግፊት ያለው ዘይት ድስቱን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይገፋል። አንገቱ ባለበት በኩል ግን የሚገፋው ብረት የለም፤ ክፍት ነው። ሚዛኑ የሚጎድለው እዚያ ላይ ነው። ኮንቨርተሩ በሙሉ ወደ ሞተሩ ይገፋል፤ ክራንክ ሻፍቱንም ይዞት ይሄዳል። አንገቱ 5 ሴንቲሜትር ስፋት ቢኖረው የክፍቱ ስፋት 20 ካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ውስጥ ያለው ግፊት 5 ባር ቢሆን 100 ኪሎ ገደማ ይመጣል። አንድ ኩንታል ጤፍ ክራንክ ሻፍቱ ላይ ተደግፎ ማለት ነው።

ጤነኛ ብሮንዚን ይሄን በዘይት ፊልሙ ላይ ተሸክሞ ዓመታት ይኖራል። ግፊቱ ሲያብጥ ግን ኩንታሉ ሁለት ይሆናል። ዘይቱ ይጨመቅና ይወጣል፤ ብረት ከብረት ይገናኛል። ማንዋል መኪና ላይ ይሄን ብሮንዚን የሚበላው ፍሪሲዮን ላይ ተደግፎ የሚነዳ እግር ነው። እግሩ ሲነሳ ብሮንዚኑም ያርፋል። አውቶማቲክ ላይ ሞተሩ እስከተነሳ ድረስ እረፍት የለም።

አሁን ወደ ስህተቶቹ።

የተበላውን ብሮንዚን ሳያዩ መጣል

አሮጌው ብሮንዚን ምስክር ነው። እኔ ጋ የሚሠሩ ልጆች ፈትተው ቆሻሻ ውስጥ ከጣሉት እናደዳለሁ። የኋለኛው፣ ማለትም የካምቢዮ በኩል ያለው ፊት ብቻ ተበልቶ የፊተኛው አዲስ መስሎ ከቆየ፣ ክራንክ ሻፍቱን ወደ ፊት የሚገፋ ነገር አለ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮንቨርተሩ ነው። ሁለቱም ፊት እኩል ከተበሉ ቆሻሻ ዘይት፣ የዘይት እጥረት ወይም በደንብ ያልተወለወለ ክራንክ ሻፍት አስቡ። ገጹ ተፍቆ ሳይሆን ብስኩት መስሎ፣ ጥቃቅን ጉድጓድ አውጥቶ ከደበዘዘ ደግሞ ሌላ ወንጀለኛ አለ፤ ወደ ታች እደርስበታለሁ።

የጋሼ ቪትዝ ላይ የኋለኛው ብረት ብራና ሆኗል። የፊተኛው ያብለጨልጫል።

ካምቢዮውን በብሎን ጎትቶ ማገናኘት

በኔ ግምት ብዙ ሞተር የሚገድለው ይሄ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ኮንቨርተሩ ካምቢዮው ላይ ሲገባ በአንድ ጊዜ አይገባም። መጀመሪያ ስቴተሩ (ኮንቨርተሩ ውስጥ ዘይቱን የሚመራው ክንፍ) ያለበት ዘንግ ላይ፣ ቀጥሎ የካምቢዮው ዋና ዘንግ ላይ፣ በመጨረሻ ፖምፓው ላይ ይቀመጣል። እያዞሩ ሲገፉት ቁልቁል «ጠቅ» ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ሦስቴ። የመጨረሻውን ጠቅታ ያልሰማ መካኒክ «ገብቷል» ብሎ ካምቢዮውን ወደ ሞተሩ ያስጠጋዋል። ጥቂት ሚሊሜትር ትቀራለች። «ብሎኑ ይስበዋል» ይላል። ብሎኑም ይስበዋል።

ያን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ የፖምፓው ጥርስ ይሰበራል፤ ይሄ የተሻለው ነው፤ መኪናው አይሄድም፣ ሰውዬው ወዲያው ያውቃል። ወይ ኮንቨርተሩ ክራንክ ሻፍቱን ወደ ፊት ተጭኖ ይቀራል፤ መኪናውም ጋራዡን ለቆ ይወጣል። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ብሮንዚኑ ሸክም ላይ ነው ማለት ነው። አንዳንዴ አንድ ሳምንት አይቆይም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ካምቢዮው መሬት ላይ እያለ ቀጥ ያለ ብረት አፉ ላይ አግድም አድርጋችሁ ኮንቨርተሩ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ለኩ፤ የመኪናው መመሪያ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩት። ከዚያ ካምቢዮውና ሞተሩ በጣት በተያዘ ብሎን ብቻ ጥርቅም ብለው መገናኘት አለባቸው። ከተገናኙ በኋላ ኮንቨርተሩ በእጅ ሊዞር ይገባል። በብሎን ወደሚታሰርበት የሞተሩ ጠፍጣፋ ሳህን ስትጎትቱት ደግሞ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ያህል ይመጣል። ይሄ ክፍተት ከሌለ ቁሙ። በመፍቻ አትከራከሩት።

የማዕከል ፒኖቹንም እዩ። ሞተሩንና ካምቢዮውን እኩል የሚያስቀምጡ ሁለት አጫጭር ፒኖች አሉ። ካምቢዮ በወረደ ቁጥር አንዱ ይጠፋል፤ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ፒን የሌለው ካምቢዮ ትንሽ ዘምሞ ይቀመጥና ኮንቨርተሩ እየተወዛወዘ ይዞራል።

የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣውን መርሳት

ከኮንቨርተሩ የሚወጣው ዘይት በብዙ መኪኖች ላይ ራዲያተሩ ውስጥ ወዳለው ማቀዝቀዣ ሄዶ ነው ወደ ካምቢዮው የሚመለሰው። መውጫው ከተዘጋ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ኩንታሉ ሁለት የሚሆነው እንዲህ ነው።

የሚዘጋው በምንድን ነው? ካምቢዮ ሲቃጠል የፍሪሲዮን ፍርፋሪና የብረት ብናኝ በዘይቱ ተሸክሞ ማቀዝቀዣው ውስጥ ይተኛል። ካምቢዮው ይታደሳል፤ ማቀዝቀዣው ግን ያው ነው። አዲስ ካምቢዮ አሮጌ ደም ሥር ላይ ተገጠመ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ያገለገለ ራዲያተር ነው። ውሃው ስላልፈሰሰ ብቻ «ጤነኛ ነው» ተብሎ ይገዛል። የካምቢዮ ዘይቱ የሚያልፍበትን ቱቦ ማንም ነፍቶ አያየውም። ሦስተኛው የታጠፈ ጎማ ነው፤ ርካሽና የማይታይ።

ፍተሻው አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስና ሰዓት ይበቃዋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አጥፉትና የሚመለሰውን ጎማ ፍቱ። ጠርሙሱ ውስጥ አድርጉትና አንድ ሰው ሞተሩን ያስነሳ፤ ማርሹ ፒ ላይ ይሁን። መካኒኮች የሚይዙት ልክ በ20 ሰከንድ አንድ ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሞተሩን አታቆዩት፤ ካምቢዮው ይደርቃል። የጎደለውን ዘይት መተካትም አትርሱ።

የማሳ ገመዱን «በኋላ» ማለት

ብስኩት የመሰለው ብሮንዚን እዚህ ነው የሚመጣው። ሞተር ሲነሳ ሞተሪኖው ከመቶ አምፔር በላይ ይስባል። ያ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ መመለስ አለበት። ካምቢዮ ሲወርድ ማሳውን (የባትሪውን ኔጋቲቭ መስመር) ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ይፈታል። ሲመለስ ይረሳል፤ ወይም በዛገ ብረት ላይ ይታሰራል። መኪናው እንደዚያም ሆኖ ይነሳል! ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። በክራንክ ሻፍቱና በብሮንዚኑ መሃል ባለችው ቀጭን ዘይት ላይ እየዘለለ ሲያልፍ ጥቃቅን ብልጭታ ይፈጥራል፤ ብረቱን እያቀለጠ ይነቅሰዋል። የተነቀሰ ገጽ ደግሞ ዘይት አይዝም።

መልቲሜትር ያለው ሰው በሁለት ደቂቃ ያጣራል። አንዱን ጫፍ ካምቢዮው አካል ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ አድርጎ ሞተሩን ማስነሳት ነው። ንባቡ ዜሮ አጠገብ ከሆነ ጥሩ። ግማሽ ቮልት ካሳየ ገመዱ የለም፤ ወይም ለስሙ ነው ያለው።

«ያው ነው» የተባለ ኮንቨርተር መግጠም

ከዱባይም ይምጣ ከአሜሪካ ዘመድ ይላከው፣ የብሎኑ ቀዳዳ መግጠሙ ብቻ አይበቃም። የአንገቱ ርዝመት፣ የሆዱ ጥልቀት፣ የብሎኑ ቁመት መለካት አለበት። ረጅም ብሎን የኮንቨርተሩን ፊት ከውጭ ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል። አሮጌው ኮንቨርተር ከአዲሱ ጎን ተቀምጦ በካሊፐር ካልተለካ እኔ አልገጥምም። ደንበኛው ቢቆጣም።

«የኔ ሲቪቲ ነው፣ አይመለከተኝም» የሚሉም አሉ፤ ሲቪቲ ደረጃ ባለው ማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። አብዛኞቹ የቶዮታ ሲቪቲዎች ቶርክ ኮንቨርተር አላቸው።

ብሮንዚኑን ገልብጦ መግጠም

አጭር ነው። ግማሽ ጨረቃዎቹ ላይ የዘይት መስመር ተቦርቡሯል። መስመሩ ወደሚዞረው ክራንክ ሻፍት ማየት አለበት። ወደ ብሎኩ ከዞረ ዘይት አያገኝም፤ ሞተሩ በተነሳ ደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ስንገጥም ዘይት እንቀባቸዋለን፤ ሞተሩ ከተዘጋ በኋላም ዳያል ጌጁን መልሰን ቁጥሩን እንጽፋለን። ያን ቁጥር ደረሰኙ ላይ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። የሚቆጣ ጋራዥ ካለ አልለካም ማለት ነው።

ወደ ቪትዟ እንመለስ። ኮንቨርተሩ በሥርዓቱ ገብቷል፤ ክፍተቱ 4 ሚሊሜትር ነው። ማሳው ደህና ነው። ጠርሙሱን ስንይዝ ግን በ20 ሰከንድ ጠብ ጠብ ብሎ የቡና ሲኒ የማይሞላ ዘይት ወጣ። ጎማውን በጣቴ ተከትዬው ሄድኩ። ከባትሪው ሥር አንድ ቦታ ላይ ሁለት ታጥፎ ጠፍጣፋ ሆኗል። ካምቢዮው ሲሠራ ራዲያተሩም ተቀይሮ ኖሯል። ጎማውን ረዘም አድርገው ቆርጠውት፣ የተረፈውን አጥፈው ከባትሪው ማስቀመጫ ሥር ወትፈውታል።

ክራንክ ሻፍቱ ጎኑ ተበልቶ ስለነበር ማሽን ሾፕ ሄደ፤ ወፈር ያለ ብሮንዚን ተገጠመለት። ጎማው በልኩ ተቆረጠ። ስንጨርስ ዳያል ጌጁ 0.12 አነበበ። ጋሼ ሒሳቡን ከፍለው፣ ያቺን የታጠፈች ጎማ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘዋት ሄዱ። «ወዴት ነው ጋሼ?» ብላቸው «መጀመሪያ የሠሩልኝ ልጆች ጋ» አሉኝ።