ጣልያንኛ ለምትማሩ፦ «ኮልፔቮሌ» መቼ ይባላል?

ጣልያንኛ እየተማራችሁ ከሆነ «ኮልፔቮሌ» (ጥፋተኛ) የሚለውን ቅጽል ለብቻው አትሸምድዱት፣ ከነአገባቡ ያዙት። ለወንድም ለሴትም አይለወጥም፦ «ሉይ ኤ ኮልፔቮሌ»፣ «ሌይ ኤ ኮልፔቮሌ»። ሲበዙ «ኮልፔቮሊ» ይሆናል። የጥፋቱን ዓይነት ለመጥቀስ «ዲ» ጨምሩ፤ «ኮልፔቮሌ ዲ ፉርቶ» ማለት በስርቆት ጥፋተኛ ነው። ስትናገሩ «ፔ» ላይ ጠበቅ አድርጉ።

ዋናው ነገር ግን፣ ቃሉ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ይሸታል። የጣልያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ራሱ ተከሳሽ የመጨረሻ ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ እንደ «ኮልፔቮሌ» አይቆጠርም ይላል። ስለዚህ አውቶቡስ አምልጧችሁ ሥራ ብታረፍዱ ለአለቃችሁ «ሶኖ ኮልፔቮሌ» አትበሉ፤ ዳኛ ፊት ቆማችሁ ወንጀል የምታምኑ ያስመስላል። «ኤ ኮልፓ ሚያ» በሉ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እናታችሁ ጋ ሳትደውሉ ሰንብታችሁ ሆዳችሁን ከበላችሁ ደግሞ «ሚ ሴንቶ ኢን ኮልፓ» ነው። «ሚ ሴንቶ ኮልፔቮሌ» ማለትም ስህተት አይደለም፤ ለዕለት ተዕለት ወሬ ግን የፊተኛውን ብትለምዱ እመርጣለሁ።