ነጥቦቹን ምን በላቸው? በእጅ የተሳለ ስዕል ስካን አድርገን ስናጸዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው፣ ሥራዬ ሰው በእጁ የሳለውን ተቀብዬ ስካን አድርጌ፣ አጽድቼ ለህትመት ማዘጋጀት ነው። የሚመጣልኝ ብዙ ዓይነት ነው፦ ፖስት ካርድ የሚሆን የፋሲል ግንብ ስዕል፣ የሠርግ ጥሪ ላይ የሚገባ ሐረግ (የተጠላለፈ ጌጥ)፣ የተማሪዎች የእርሳስ ሥራ፣ አንዳንዴ ብራናም ይመጣል። ብዙዎች ግን ራሳቸው ስካን አድርገው ወይ በስልክ አንስተው "አጽዳልኝ" ብለው ነው የሚልኩልኝ፣ ፋይሉን ስከፍተው ምንም ሊደረግለት የማይችል ሆኖ አገኘዋለሁ፣ "ኦሪጅናሉን አምጣው" ስል ደግሞ "ተሸጧል እኮ" ይሉኛል። በጣም ነው የሚያንገበግበኝ፣ ሰው ሦስት ሳምንት አንገቱን ደፍቶ የሳለው ነገር በሁለት ደቂቃ ስካን ሲበላሽ። ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ፣ አንዳንዶቹ የራሴም ናቸው።

አቧራ ማጥፊያውን አብርቶ መተው

ከዚህ የጀመርኩት እስካሁን ስለሚከነክነኝ ነው። ድጓ የሚያስተምሩ አንድ የኔታ ራሳቸው የጻፉትን ገጽ ይዘውልኝ መጡ፣ ከላይ ሐረግ አለው ከሥሩ ዜማው፣ ለተማሪዎቻቸው እንዲባዛላቸው ፈልገው ነው። ስካነሩ ሶፍትዌር ላይ አቧራና ጭረት የሚያጠፋው ምርጫ በርቶ ነበር፣ ሳላየው አለፍኩት፣ እንዲያውም ገጹ ስክሪኑ ላይ ጽድት ብሎ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው ማዜም ጀመሩና ሁለተኛው መስመር ላይ ቆሙ። "ልጄ፣ ነጥቦቹን ምን በላቸው?" አሉኝ።

ድጓ ላይ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡ የዜማ ምልክቶች አሉ፣ ይዘት ነጥብ ነው፣ ርክርክም ነጥብ በነጥብ ነው፣ ጭረትም ስሙ እንደሚለው ጭረት ነው። ሶፍትዌሩ ይሄን ከየት ያውቃል፣ ነጭ ላይ ትንሽ ጥቁር ነገር ካየ አቧራ ነው ብሎ ይውጣታል። ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ራሱ ቦታ ቦታ ላይ አንድ ነጥብ ሆኖ ቀርቶ ነበር። እኔ ንጹሕ ገጽ ነው ያየሁት፣ እሳቸው ግን ዜማው የጠፋበት ወረቀት ነው የያዙት።

ስዕል ላይም ያው ነው። ዓይን ውስጥ የምትቀመጠው ያቺ አንዲት ነጭ ነጥብ ስትጠፋ ፊቱ ይሞታል። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን የጎንደር አሳሳል ተከትለው የሚሠሩ ልጆች አሉ፣ የቅዱሳኑን ልብስ በአበባና በጠብታ ጌጥ ይሞሉታል፣ እዚያ ላይ አቧራ ማጥፊያ ማብራት ማለት ጌጡን እየለቀሙ መጣል ማለት ነው። ስለዚህ ስካን ከማድረጋችሁ በፊት አቧራ ማጥፊያውን፣ ሹል ማድረጊያውን፣ በራሱ ብርሃን የሚያስተካክለውን ምናምን ሁሉንም አጥፉ። ስካነሩ ያየውን ብቻ ይስጣችሁ። አቧራውን በኋላ 100 ፐርሰንት አጉልታችሁ በሂሊንግ ብሩሽ (ነጥቧን በዙሪያዋ ባለው ቀለም በሚሸፍነው) አንድ በአንድ ልቀሙት፣ አዎ ጊዜ ይፈጃል፣ ግን እያንዳንዷን ነጥብ ከማጥፋታችሁ በፊት ኦሪጅናሉን አጠገባችሁ አድርጋችሁ እዩት፣ አቧራ ነው ወይስ እጅ ነው?

መስታወቱን ሳይጠርጉ መጀመር

ይሄ አጭር ነው። በበጋ የጎንደር አቧራ የት እንደሚደርስ ታውቃላችሁ። ለስላሳ ጨርቅ በቂ ነው፣ ፈሳሽ ካስፈለገ ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አትርጩ፣ በጠርዙ ወደ ውስጥ ይገባና ከሥር ደመና ይሠራል። ሁለት የተለያዩ ስዕሎች ላይ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ነጥብ ካያችሁ ከወረቀቱ ሳይሆን ከመስታወቱ ነው። የላጲስ ፍርፋሪም በብሩሽ ጥረጉት፣ በእጅ አትጥረጉት፣ እርሳሱን ታጠቁሩታላችሁ።

"ስዕሉ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ጥቁርና ነጭ ላይ አደረግኩት"

ይሄን ስንት ጊዜ ሰማሁት! ስካነሩ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ወይም የጽሑፍ ምርጫ ማለት እያንዳንዷ ፒክስል (ምስሉ የተሠራባት ትንሿ ነጥብ) ወይ ድብን ያለ ጥቁር ወይ ነጭ ትሆናለች ማለት ነው፣ መሐል የለም። የእርሳስ ጥላው ይሄዳል፣ ቀጭኑ የብዕር መስመር ይቆራረጣል፣ የመስመሩ ዳር መጋዝ ይመስላል። ምንም ጥቁር ቢሆን ሁልጊዜ በከለር ስካን አድርጉ፣ ወደ ግራጫ መቀየር በኋላ የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው፣ ከግራጫ ወደ ከለር ግን መመለሻ የለውም።

በከለር ስካን ስታደርጉ ደግሞ ጥሩ ነገር ታገኛላችሁ። ፋይሉ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ የሚባሉ ሦስት ቻናሎች አሉት፣ ፎቶሾፕም ጊምፕም (ሁለቱም የምስል ማስተካከያ ፕሮግራሞች ናቸው) ለየብቻ ያሳዩዋችኋል። መጀመሪያ ፈዘዝ ባለ ሰማያዊ እርሳስ ነድፋችሁ ከላይ በጥቁር ቀለም ከሳላችሁ፣ ሰማያዊውን ቻናል ብቻ ስትወስዱ ንድፉ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፣ ጥቁሩ ይቀራል፣ ላጲስ አላስፈለጋችሁም ወረቀቱም አልተጎዳም። ቢጫ ያለ አሮጌ ወረቀት ላይ ደግሞ ቀዩን ቻናል ውሰዱ፣ ቢጫው ነጣ ብሎ ጥቁሩ ጎልቶ ይወጣል።

ግን ተጠንቀቁ፣ እዚህ ጋ ነው አንድ ጎበዝ ልጅ የተሳሳተው። ብራና ላይ የተጻፈ ጸሎት ነበር፣ የብራናውን ቢጫ ለማጥፋት ቀዩን ቻናል ወሰደ፣ አሪፍ ሆነ፣ ቢጫው ሄደ። አብሮ ደግሞ በቀይ ቀለም የተጻፈው ሁሉ ሄደ። የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳኑ ስም፣ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች በሙሉ ባዶ ቦታ ሆነው ቀሩ። በኛ አጻጻፍ የከበረው ስም ነው በቀይ የሚጻፈው፣ ስለዚህ ሁለት ቀለም ያለበት ገጽ ላይ የቻናል ዘዴ አትጠቀሙ፣ ቀዩን ለብቻው ምረጡና በራሱ ሌየር (በላዩ እንደሚደረብ ግልጽ ወረቀት) ላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ በኋላ ጥቁሩን እንደፈለጋችሁ።

ዲፒአይ ላይ መሰሰት

ዲፒአይ ማለት በአንድ ኢንች ውስጥ የሚገቡት ነጥቦች ብዛት ነው። ስዕሉ በራሱ መጠን ብቻ የሚታተም ከሆነ 300 ይበቃል፣ ኤ4 ወረቀት 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። ግን ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ሰውየው ፖስት ካርድ ብሎ ጀምሮ ለጥምቀት ፖስተር ይፈልጋል። 600 ላይ አድርጉት፣ ያው ኤ4 4960 በ7016 ይሆናል፣ ኤ2 ድረስ ሳይፈዝ ይታተማል። ፋይሉ ሳይጨመቅ 100 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ላፕቶፑም ያቃስታል፣ ግን ዲስክ ይገዛል፣ የተሸጠ ስዕል ግን አይመለስም። በ150 ስካን አድርጎ በኋላ ፎቶሾፕ ላይ መለጠጥ ምንም አይጨምርም፣ ብዥታውን ነው የሚያሳድገው።

ወረቀቱን እስኪነጣ ድረስ ማንጣት

ሌቭልስ (የጥቁረትና የንጣት ማስተካከያውን) ከፍቶ የነጩን መጎተቻ ወደ ግራ መጎተት ሱስ ነው የሚሆነው፣ ወረቀቱ እየነጣ ሲሄድ ደስ ይላል፣ እና ሰው አያቆምም። ግን በውኃ ቀለም ስሱ ሆኖ የተነካ ሰማይ፣ ጉንጭ ላይ ያለች ቀለል ያለች ቅላት፣ ቀጭን የእርሳስ ጥላ፣ እነዚህ ሁሉ ከነጩ ጎን ነው የሚኖሩት፣ መጀመሪያ የሚሞቱትም እነሱ ናቸው። ፎቶሾፕ ላይ መጎተቻውን ስትጎትቱ አልትን ተጭናችሁ ያዙ፣ ሙሉ በሙሉ ነጭ እየሆነ ያለውን ቦታ ያሳያችኋል፣ ስዕሉን መንካት ሲጀምር እዚያው አቁሙና ትንሽ መልሱት። የቀረውን የወረቀት ቆሻሻ በማስክ (ሳይፍቅ በሚሸፍነው) ቦታ ቦታውን አጽዱ፣ በአንድ ጊዜ አጠቃላዩን አትግፉት።

ብራና ደግሞ በፍጹም ነጭ ወረቀት አታድርጉት። "አሮጌ መሰለብኝ አንጣልኝ" ይሉኛል፣ እኔ እምቢ እላለሁ። ብራና ቆዳ ነው፣ ቀለም አለው፣ የፀጉሩ ጎንና የሥጋው ጎን ራሱ ይለያያል። ያንን ስታጠፉ ቀለሙ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

ከጀርባ ያለው ሲያሳይ ዝም ማለት

ስስ ወረቀት ላይ ከኋላ የተሳለው በስካን ውስጥ ጥላ ሆኖ ይመጣል፣ ከዚያ ሰው ማታውን ሙሉ ሲፍቅ ያድራል። ከጀርባው ጥቁር ወረቀት አድርጉና ክዳኑን ዝጉ፣ አለቀ። ትንሽ ያጠቁረዋል ግን እኩል ስለሆነ በሌቭልስ ይስተካከላል።

ሻካራ ወረቀት ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፣ የስካነሩ መብራት ከአንድ ጎን ስለሚመጣ የወረቀቱ እብጠት ሁሉ ጥላ ይጥላል፣ ቆሻሻ ይመስላል። አንዴ ስካን አድርጉ፣ ከዚያ ወረቀቱን 180 ዲግሪ አዙራችሁ ድገሙት፣ ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛውን መልሳችሁ አዙሩና በአንደኛው ላይ አስቀምጣችሁ ኦፓሲቲውን (ድፍንነቱን) 50 ፐርሰንት አድርጉት። ጥላዎቹ ተቃራኒ ስለሆኑ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። መጋጠሙ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ውጤቱን ስታዩ ግን ትረሱታላችሁ።

የተጣመመውን በግድ መጫን

ክረምት ላይ ወረቀቱም ብራናውም እርጥበት ይዞ ይጣመማል፣ እና ሰዎች ክዳኑን በክርናቸው ይጫኑታል፣ መጽሐፍ የሚደርቡበትም አይቻለሁ። አዲስ ወረቀት ከሆነ ቀስ ብሎ መጫን ይቻላል። አሮጌ ብራና ወይም ወፍራም ቀለም የተቀባ ነገር ከሆነ ግን እባካችሁ አትጫኑ፣ ቀለሙ ይረግፋል፣ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እንደዚህ ያለው በካሜራ ነው መነሳት ያለበት፣ ካሜራው ቀጥ ብሎ ከላይ፣ ብርሃን ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ እኩል፣ ፍላሽ የለም። ወርቅ ቅብ ያለበትም እንደዚሁ ነው፣ ስካነር ላይ ወርቁ ቡና ቀለም ሆኖ ነው የሚወጣው። ኃይል ከዩኤስቢ ብቻ የሚያገኙት ቀጫጭን ስካነሮች ደግሞ ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ያለውን ነገር አያጠሩም፣ ስለዚህ ጥምም ያለ ነገር ለነሱ አይሆንም።

ትልቅ ስዕል በክፍል በክፍል ስታደርጉ ቢያንስ ሩቡ እንዲደራረብ አድርጉ፣ ወረቀቱን አታዟዙሩት፣ የብርሃን አውቶማቲኩም ይጥፋ፣ አለበለዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ የተለያየ ቀለም ይዞ ይመጣና መጋጠሚያው ይታያል።

ለኤአይ ሰጥቶ "አጥራልኝ" ማለት

አሁን አሁን የመጣ ነገር ነው፣ ፈጣን ስለሆነ ሁሉም ይጠቀመዋል። አንድ ሠዓሊ የመልአክ ስዕሉን በስልክ አፕ "አጥርቶ" ላከልኝ፣ እኔ ኦሪጅናሉን አይቼው ስለነበር ጎን ለጎን አደረግኳቸው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ያየ ሰው ያን ዓይን ያውቀዋል፣ ትልቅ፣ ክፍት፣ በየትም ብትሄድ የሚያይህ። አፑ ዓይኑን አሳንሶታል፣ የላይኛውን ሽፋን ዝቅ አድርጎታል፣ አፍንጫው ሥር ጥላ ጨምሯል፣ የከንፈሩን መስመር አለስልሶታል። ሠዓሊው ራሱ አላስተዋለም ነበር፣ "ጠራ" ብሎ ነው የተደሰተው። ሳሳየው ዝም አለ። ያ ፊት የሱ አይደለም፣ የጎንደርም አይደለም። እነዚህ መሣሪያዎች ያለውን አያጠሩም፣ ይመስለኛል ያሉትን ይስላሉ፣ የሚመስላቸው ደግሞ ከሌላ አገር ብዙ ፎቶ የተማሩት ፊት ነው። አቧራ እንኳን አትስጧቸው።

በኦሪጅናሉ ሌየር ላይ መፋቅና በፎቶ መላክ

የተፋቀ ነገር ሴቭ ከተደረገ በኋላ የለም። መጀመሪያ ሌየሩን ኮፒ አድርጉ፣ የታችኛውን ቆልፉት፣ ከላጲስ ይልቅ ማስክ ተጠቀሙ። ሴቭ ደግሞ በየአሥር ደቂቃው፣ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይነግረንም። በቲፍ ወይም በፒኤንጂ አስቀምጡ፣ ጄፔግ ለማሳያ ብቻ ይሁን፣ በየሴቩ ትንሽ ትንሽ ይበላል፣ ጥቁሩ መስመር ዙሪያ የሚታየው ጭጋግ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ለማተሚያ ቤት በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ "ፋይል" የሚለውን መርጣችሁ ላኩ፣ በፎቶ ከላካችሁት ጨምቆ ያሳንሰዋል። አንዴ ሁለት ቀን የለፋሁበትን ባነር ደንበኛው ቴሌግራም ላይ ካየው ፎቶ አውርዶ አሳትሞት፣ ግንቡ ሙሉ ካሬ ካሬ ሆኖ አጥር ላይ ተሰቅሎ አየሁት።

የየኔታን ገጽ ያን ጊዜ ጥሬውን ስካን አላስቀመጥኩትም ነበር፣ ስለዚህ በዚያ ዕድሜያቸው ቁልቁለቱን ወርደው፣ ገጹን በነጠላቸው ጠቅልለው እንደገና ይዘውት መጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ሥራ ሁለት ፎልደር አለው፣ አንዱ "ጥሬ" ይባላል፣ እሱ ውስጥ ያለውን ማንም አይነካውም፣ እኔም።