ትሬለር ስጎትት ፒካፑ ኋላው ቁጭ የሚለው ነገር በመጨረሻ ተፈታ
ከዴንቨር በአይ-70 ወደ አይዘንሃወር ታነል ስንወጣ የድሮው ግማሽ ቶን የሚባለው (ቀለል ያለው መደብ) ፒካፕ ኋላው ቁጭ ይልና መሪው ቅልል ይለኝ ነበር፣ ልጆቹ ከኋላ ስላሉ በጣም ነው የምፈራው። ሞተሩ አቅም ያነሰው መስሎኝ ነበር፣ አይደለም። ሚዛን ላይ ሳወጣው የ7,000 ፓውንድ ትሬለር መንጠቆው ላይ ብቻ 900 ይጭናል፣ እኛ አራታችን 600፣ ዕቃና ሂቹ (ትሬለሩን የሚያያይዘው ብረት) 250፣ ድምር 1,750። የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ያለው ቢጫ ስቲከር ደግሞ መኪናው ላይ እንዲጫን የሚፈቅደው 1,450 ፓውንድ ብቻ! ሻጩ ያወራኝ ስለ መጎተት አቅሙ ነበር፣ እሱማ ይበቃል፣ ያለፈው መኪናው ራሱ ላይ የሚያርፈው ጭነት ነው። ስለዚህ ሦስት አራተኛ ቶን የሚባለውን ከፍ ያለ መደብ ፒካፕ ገዛሁ፣ ስቲከሩ 3,100 ይላል። ቤንዚኑን የመረጥኩት የናፍጣው ሞተር ራሱ ከባድ ስለሆነ ከጭነቱ ላይ ስለሚቀንስ ነው። ቅዳሜ እዛው ዳገት ላይ ንፋስ እያለ መሪው ንቅንቅ አላለም። ልትገዙ ከሆነ ስቲከሩን እራሳችሁ አንብቡ፣ ሞዴሉ አንድ ሆኖ እንኳ ከመኪና መኪና ይለያያል።