ቴሌግራም ሲጠለፍ፣ ብር ሲወሰድ፦ በአዋጅ 958 ክስ ለማቅረብ ምን ምን ያስፈልጋል?

ቴሌግራም ላይ በየጊዜው ብቅ የሚል መልእክት አለ። "የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ እባክሽ አንድ ድምፅ ስጪልኝ" ይላል። ሊንክ አለው፣ የላከችው ደግሞ የምታውቋት ልጅ ናት። ሊንኩን ስትነኩት ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ቀጥሎ ቴሌግራም የላከላችሁን ኮድ አስገቡ ይላል። ኮዱን ካስገባችሁ አካውንታችሁን በገዛ እጃችሁ አስረከባችሁ። ብዙም ሳይቆይ በእናንተ ስም ለአክስታችሁ፣ ለመሥሪያ ቤት ጓደኛችሁ፣ ዋሽንግተን ላለው ወንድማችሁ "ቸግሮኝ ነው፣ 10 ሺህ ብር ላክልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ" የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። የሚልኩት እነማን ናቸው? ከማንም በላይ የሚወዷችሁ። በጣም የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሰው "በቃ፣ አንዴ ሆነ" ብሎ ይተወዋል። አትተዉት። ይሄ ነገር በግልጽ ወንጀል ነው፣ ሕጉም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይባላል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግም ስለ ኮምፒዩተር ጥቂት አንቀጾች ነበሩት፣ 958 እነሱን ተክቶ ብዙ ነገር ጨመረ። ችግሩ ሕጉ መኖሩ ላይ ሳይሆን እኛ ጋ ማስረጃው ቶሎ መጥፋቱ ላይ ነው፣ ስለዚህ ከሱ እንጀምር።

መጀመሪያ፣ ተደናግጣችሁ ከቴሌግራም እንዳትወጡ። አፑንም አታጥፉት። ቴሌግራም ላይ በአዲስ ስልክ የገባ ሰው ለ24 ሰዓት ያህል ሌሎቹን ስልኮች ማስወጣት አይችልም። ማለትም ሌባው ዛሬ ከገባ ዛሬውኑ ሊያባርራችሁ አይችልም፣ እናንተ ግን እሱን ማባረር ትችላላችሁ። ሴቲንግ ውስጥ "ዲቫይስስ" የሚለውን ክፈቱ፣ የማታውቁት ስልክ እዚያ ተዘርዝሮ ታገኙታላችሁ። ከማስወጣታችሁ በፊት ስክሪንሹት አንሱት! የስልኩ ዓይነት፣ ያለበት አገርና መጨረሻ የተጠቀመበት ሰዓት እዚያው ተጽፎ ይታያል፣ ካስወጣችሁት በኋላ ግን አታገኙትም። ከዚያ አስወጡትና ባለ ሁለት ደረጃውን ፓስወርድ አብሩ።

ሁለተኛ፣ ብር ተልኮ ከሆነ ለባንኩ ወዲያው ደውሉ። ንግድ ባንክ 951፣ ቴሌብር 127 ነው። እዚህ ላይ ደቂቃም ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም ብሩ ገብቶ ብዙ አይቆይም፣ ወይ ይወጣል ወይ ወደ ሌላ አካውንት ያልፋል። የዝውውሩን ቁጥር በእጃችሁ ያዙ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ በኤፍቲ የሚጀምረው ነው። ባንኩ የተቀባዩን ዝርዝር መረጃ ለእናንተ አሳልፎ አይሰጥም፣ በዚህ አትበሳጩ፣ እሱን የሚያወጣው መርማሪው ነው። የእናንተ ሥራ ቶሎ ማሳወቅና ያሳወቃችሁበትን ሰዓት መመዝገብ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚያበላሸው ማስረጃ አያያዝ ነው። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ሌባው ይሄን ያውቃል። ስለዚህ "አንተ ሌባ" ብላችሁ ከመሳደባችሁ በፊት ስክሪንሹቱን ጨርሱ፣ ከቻላችሁም ከላይ እስከታች እያንሸራተታችሁ ስክሪኑን ቪዲዮ ቅረጹ። ስም ብቻ የሚታይበት ምስል አይጠቅምም፤ ስም ማንም ይለውጣል። ፕሮፋይሉን ከፍታችሁ ዩዘርኔሙንና ስልክ ቁጥሩን አሳዩ። ምስሉን አትቁረጡ፣ አትቀቡ፣ ቀስት አታድርጉበት። አዋጁ የኤሌክትሮኒክ ማስረጃ በፍርድ ቤት ተቀባይነት እንዲኖረው ፈቅዷል፣ ነገር ግን ያልተነካካ መሆኑ መታየት አለበት፣ የተነካካ ምስል ደግሞ ለተከሳሽ ጠበቃ ጥሩ መግቢያ ነው። ስልኩንም አትሽጡት፣ ፎርማት አታስደርጉት።

አንዲት ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። ፖሊስ ጋ ቃል ስትሰጡ "ከምሽቱ 2፡15 ላይ" ትላላችሁ፣ ስክሪንሹቱ ላይ ግን 8፡15 ነው የሚለው። "የካቲት 12" ትላላችሁ፣ ስልኩ "ፌብሩዋሪ 19" ይላል። እኛ በሀገራችን አቆጣጠር እናወራለን፣ ስልካችን በፈረንጅ ይቆጥራል፣ ፋይሉ ውስጥ ሁለቱ ሲጋጩ ጥያቄ ይነሳል። በማመልከቻችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉ፣ ለምሳሌ "የካቲት 12 ቀን 2017 ከምሽቱ 2፡15፣ በስልኩ ሰዓት 8፡15" ብላችሁ። አንድ ገጽ ይበቃል። ማን ምን ላከ፣ ስንት ብር ወደየትኛው አካውንት ገባ፣ የዝውውር ቁጥሩ፣ መቼ ለባንኩ ደወላችሁ። ስለ ሌባው ክፋት ሁለት ገጽ መጻፍ መርማሪውን አያግዘውም።

አሁን ወዴት? ቅርባችሁ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ አመልክቱ። ምርመራውን ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ አብረው ይመሩታል፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በቴክኒክ ያግዛል። ጉዳዩን በመጀመሪያ ደረጃ የማየት ሥልጣን በአዋጁ የተሰጠው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ጣቢያው ላይ "ይሄ የእኛ አይደለም" ከተባላችሁ ሳትጣሉ፣ ታዲያ የማን ነው፣ ወዴት ልሂድ ብላችሁ ጠይቁ፣ የነገራችሁንም ሰው ስም ያዙ። ማመልከቻው ሲገባ የመዝገብ ቁጥር ተቀበሉ። ቁጥር ሳይዙ መመለስ ማለት ነገ ስትመጡ ከዜሮ መጀመር ማለት ነው። ደግሞ አትዘግዩ፦ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም ማን ከማን ጋር መቼ ተገናኘ የሚለውን መረጃ፣ እንዲያቆዩ አዋጁ የሚያስገድዳቸው ለአንድ ዓመት ነው።

በየትኛው አንቀጽ? እሱን ዐቃቤ ሕጉ ይወስናል፣ እናንተ ግን ብታውቁት ጥሩ ነው። ያለ ፈቃድ የሰው አካውንት ውስጥ መግባት አንቀጽ 3 ነው፣ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱንም ያስቀጣል። ሰውን በኮምፒዩተር አታሎ ጥቅሙን እንዲጎዳ ማድረግ አንቀጽ 10 ነው፣ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ አለው። የሌላ ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት መያዝ፣ መሸጥ፣ ማስተላለፍ ደግሞ አንቀጽ 11።

አንቀጽ 13 ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ በተለይ ለእህቶቻችን። "ፎቶሽን እለቃለሁ" የሚል ሰው ቀልደኛ አይደለም፣ ወንጀለኛ ነው። ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ ቤተሰቡ መረጃ በተደጋጋሚ እየላኩ ማስፈራራትና ማስጨነቅ፣ የሰውን ግንኙነት መከታተልም ጭምር፣ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከበድ ካለ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ብር አትላኪለት። አንዴ የላከች ልጅ ሁለተኛም ትጠየቃለች። ለአንድ የምታምኚው ሰው ንገሪ፣ ማስፈራሪያውን ሳትሰርዢ ያዥ፣ ሄደሽ አመልክቺ። እፍረቱ የእሱ እንጂ የአንቺ አይደለም።

ይሄው ሕግ እናንተንም ይይዛል። ተናድዳችሁ የሌባውን አካውንት መልሳችሁ ብትጠልፉ እናንተም አንቀጽ 3 ውስጥ ናችሁ። "የተጠለፈ አካውንት እመልሳለሁ" ለሚል የቴሌግራም ሃከር ብር መክፈል ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ መበላት ነው። የተጠርጣሪን ፎቶ "ሌባ" ብሎ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ፣ ሰውየው ሌላ ሆኖ ከተገኘ፣ የስም ማጥፋት አቤቱታ ያስከትላል። የባል ወይም የሚስት ስልክ ላይ በድብቅ መከታተያ አፕ መጫንም ወንጀል ነው። ትዳር ለዚህ ፈቃድ አይሰጥም።

"ሲስተሙ ራሱ ከሰጠኝስ?" የሚልም አለ። መጋቢት 2016 ላይ የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው ሂሳቡ ውስጥ የሌለውን ብር ሲያወጣ ያየን ሁሉ እናስታውሳለን። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት አይደለም ብሏል፣ ግን እያንዳንዱ ዝውውር በስም ተመዝግቦ ነበርና ያልመለሱ ሰዎች ፎቶ ቅርንጫፎች ደጃፍ ላይ ተለጠፈ። በስህተት የገባ ብር ካያችሁ አትንኩት፣ ለባንኩ ደውሉ።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ ያላችሁበትን አገር ሕግ እወቁ። አሜሪካ ከሆናችሁ ኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ የሚቀበልበት አይሲ3 የሚባል ድረገጽ አለው፣ "ወንድሜ ቸግሮት ነው" ብላችሁ የላካችሁት ዶላር ከተበላ እዚያ አመልክቱ። ኤምሬትስ ላይ ከጥር 2022 በፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ የሚሠራው የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ ቁጥር 34/2021፣ ከእኛው ሕግ የጠበቀ ነው። በዋትስአፕ መሳደብ ያስከስሳል፣ የሰው ፎቶ ያለ ፈቃድ አንስቶ መለጠፍም እንዲሁ። ዱባይ ወይም አቡ ዳቢ ቤት ውስጥ የምትሠሩ እህቶች፣ የአሰሪን ልጆች ወይም ቤት ለቲክቶክ አትቅረጹ። ከአሰሪ ጋር ከተጣላችሁ እሱን ቪዲዮ ነው መጀመሪያ የሚያወጡት።